የካርዱ ጀርባ

ከምድር ቤቱ ጥግ፣ ከቀለም ጣሳ ኋላ፣
የድሮ ጋዜጣ ተከናንቦ በጥላ፣
አገኘሁት ዛሬ የአርዲስን ሳህን፣
ጎድጓዳ፣ ወተት መሳይ፣ ወርቅ የከበበው አፉን።
ስምንት ኩባያ ነበረው፤ ሰባት ናቸው አሁን።

ከውስጡ ወደቀች የታጠፈች ካርድ፣
የእናቴ የእጅ ጽሑፍ፣ ቀጥ ያለ፣ የማይርድ፦

«አሥራ ሁለት እንቁላል። ነጩን ከአስኳል ለዪ።
ምቺው፤ ምቺው፤ ክንድሽ ዝሎ ኮከብ እስክታዪ።
ስኳር አትሳሺ፤ ብራንዲም አትንፈጊ፤
ወተቱ ሲግል ገውዝ ከላይ ፈግፍጊ።»

ወዲያው ታየኝ ያ ቤት፦
የሱፒሪየር ሐይቅ ዳሩ ረግቶ፣ መርከቡ ሲታሰር፣
የዊስኮንሲን ብርድ የጣራ ምስማር ሲሰብር፣
በረንዳችን ላይ በረዶ እያራገፉ
የአባቴ ጓደኞች በተራ ሲያልፉ፤
ኦርቪል ከነሚስቱ፣
ሀልቨርሰን ከነአክስቱ፣ ከነግዙፍ ካፖርቱ።
መስኮቱ ላብ ሰጥቶት፣ ሻማው ቀጥ ብሎ፣
የጠረጴዛው ልብስ በካውያ ተስሎ፣
እናቴ በዕንቁዋ፣ በቀይ ከንፈሯ፣
ኩባያ ስትሞላ፣ ሳይዛነፍ ፀጉሯ።
ለእኛ ለልጆቹ አረፋ በማንኪያ፤
ለአምስት ዓመት ሽማግሌ የነጭ ጢም መለኪያ።

ያ ቤት ነበር ቤት! ያ ገና ነበር ገና!
ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ስልኩን ይሰካና፣
ብርጭቆው ከወረቀት፣ ወሬው ከደመና።

ይህን ስደሰኩር እህቴ ጆይስ ሰማች፤
ካርዷን ተቀብላኝ ቀስ ብላ ገለበጠች።
«አንተ ሳሎኑን ነው የምታስታውሰው» አለች።
«እኔ ኩሽናውን።
እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ፤
ጫማዋን ስታወልቅ ተረከዟን አያለሁ፣
ደም አለው።
ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። አባባ ያንኮራፋል።
‹ቆንጆ ነበር፣ አይደል?› ትለኛለች። ድምጿ ያነክሳል።»

ጀርባው ላይ፣ በእርሳስ፣ ዓመት ከዓመት ሥር፦

«ስልሳ አንድ፦ ሃያ አራት ሰው። እንቁላል አለቀ።
ስልሳ ሁለት፦ ሩሙ በዛ። ኦርቪል እየዘመረ ወደቀ።
ስልሳ አራት፦ ሃያ ዘጠኝ። አንድ ኩባያ ደቀቀ።»
(ማን እንደሰበረው አልጻፈችም። እኔ ነኝ። ታውቅ ነበር።)
«ስልሳ ስድስት፦ ደከመሽ ወይ ያለኝ የለም።
ስልሳ ሰባት፦ ከእንግዲህ በጭራሽ!» — ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት።
«ስልሳ ስምንት፦ ሠላሳ አንድ ሰው። አረፋው ቀጥ ብሎ ቆመ።»

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀብን።
ከዚያ «በጭራሽ» እስከ ሠላሳ አንድ ሰው፣
ያቺን ሴት ምን ይሆን ልቧን የመለሰው?
ፍቅር ይሁን ኩራት፣ ግዴታ ይሁን ልማድ፣
ለእሱ ቦታ የለም በዚህች ጠባብ ካርድ።

እኔ ሽርጥ አሰርኩ። ጆይስ ተቀመጠች፤
«ዘንድሮ አላደርቅም» ብላ አስጠነቀቀች።
ነጩን መታሁ፣ መታሁ። ክንዴ ዛለ። ኮከብ የለም።
ወተቱ ገነፈለ፤ ምድጃው ላይ የተረፈው ግን አያንስም።
ብራንዲው አፍንጫ ሰረሰረ፣ ገውዙ በዛ፣
ጠጣን ግን፣ ሁለት ሰዎች፣ በስምንት ሰው ጠረጴዛ።

«እንደ ድሮው አይደለም» አልኳት።
«ድሮም እንደ ድሮው አልነበረም» አለች፣
ኩባያዋንም ድጋሚ እንድሞላው ዘረጋች።

ከሄደች በኋላ እጅጌዬን ሰብስቤ
ሰባቱንም አጠብኩ፣ የጠጣነው በሁለቱ ቢሆንም።
በጨርቅ አደረቅኳቸው፣ አንድ በአንድ፣ ቆሜ።
ከዚያ እርሳስ ፈልጌ፣ ከእሷ መስመር ሥር፦

«ዘንድሮ፦ ሁለት ሰው። አረፋው ሟሸሸ።
እንቁላል ተረፈ።
እግሬን አሞኛል።»